ለዱራሜዋ አንባቢ የተጻፈ የሊኑክስ ዜና

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ሸምሱ አንድ ካቻቢቴና አንድ ላጲስ ሰጡኝ። ካቻቢቴው ለብሎን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ላጲሱ ግን ግራ አጋባኝ። «ራሙን አውጣና ጥርሱን በላጲስ ጥረገው። ግማሹ ብልሽት እዚያ ነው» አሉኝ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቼ ራም የሚባለውን ቀጭን ሰሌዳ ነቀልኩ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ፈተግኩ፣ መልሼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ጋሽ ሸምሱ ቀጣዩን አቀረቡልኝ።

ሱቁ ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ነው። የጋሽ ሸምሱ ወላጆች ከጉራጌ መጥተው በንግድ እዚህ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸውም ከፊት ስልክና ቻርጀር ይሸጣሉ፣ እኔ ከኋላ እጠግናለሁ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳቶች ጩኸት በግድግዳው አልፎ ይመጣል። ጠረጴዛዬ ከግድግዳው ጋር የተጠጋ ስለሆነ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ነው የምሠራው። ብዙ ዓመት እንደዚያ ተቀመጥኩ።

የሚመጡልኝ ኮምፒውተሮች ያረጁ የቢሮና የትምህርት ቤት ማሽኖች ነበሩ። በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ ያጨናንቃቸዋል። ያለውን አጥፍቼ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ብጭንባቸውም ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ ሊኑክስ መጫን ጀመርኩ። ሊኑክስ ዊንዶውስ በሚቀመጥበት ቦታ ገብቶ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሥርዓት ነው። ቀለል ያለው ዓይነት ባረጀ ማሽን ላይም ይሮጣል፤ ያ የፍላሽ ቫይረስም አያገኘውም።

ደንበኞች ግን አልወደዱትም። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ኮምፒውተሯን ከፍታ አየችና «ይሄ የኔ አይደለም» አለችኝ።

«ያንቺው ነው፤ ውስጡን ነው የቀየርኩት።»

«እንግዲያው የነበረውን መልስልኝ።»

መለስኩላት። ከሷ በኋላ ሊኑክስ የጫንኩት በራሴ ማሽን ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ማሽን ነው ጌም መሞከር የጀመርኩት። ለዊንዶውስ የተሠሩ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ሶፍትዌር አለ፤ እሱን ጭኜ አንድ የእግር ኳስ ጌም ሲነሣልኝ የማሳየው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ። ጋሽ ሸምሱ ቻርጀር እየሸጡ ነበር። የጠራኋቸው መስሏቸው መጡ፣ አዩ፣ «ኳስ ነው?» አሉ፣ ወደ ደንበኛቸው ተመለሱ።

የማዋራው ሰው ስላልነበረ መጻፍ ጀመርኩ። በስልክ ቻናል ከፈትኩና ስለ ሊኑክስ ዜና በአማርኛ አወጣ ነበር። ይህ ጌም አሁን ይሠራል፤ ያኛው ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለውም። አዲስ የዴስክቶፕ ሥሪት ወጥቷል፤ ራሙ ትንሽ የሆነ ሰው አይጫነው። ከእንግሊዝኛ ገጾች አነባለሁ፣ ራሴ እሞክራለሁ፣ ያልሞከርኩትን አልሞከርኩትም ብዬ እጽፋለሁ። ቃል ሲቸግረኝ ሰው የሚለውን እወስዳለሁ፤ አፕዴትን አፕዴት ነው ያልኩት፤ ቨርዥንን ግን ሥሪት እለዋለሁ።

እናቴ የምትኖረው ሌሞ ገጠር ውስጥ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ልጠይቃት ስሄድ በሀዲይኛ «አሁን ደግሞ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

«ወሬ እጽፋለሁ።»

«የማን ወሬ?»

«የኮምፒውተር።»

«እሱ ደግሞ ምን ሆነ?» አለች። ትዳር አልያዝኩም፣ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፤ እሷ የምትጨነቀው ለዚያ ነበር። ወሬው ቀርቶ ወደዚያው ጉዳይ ገባን።

ወደ ቻናሉ የሚመጣው መልእክት ባብዛኛው ፊልም ማውረጃ የሚጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ግን እንዲህ የሚል መጣ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሊኑክስ ላይ ስለሚሠሩ ጌሞች የሚጽፉትን እከታተላለሁ። በጆሮ የሚጫወቱት ካለ ቢጽፉልን። መምህርት ታደለች፣ ከዱራሜ።»

በጆሮ ያሉት አልገባኝም። ስልኬን ሰጥቼ ደግሜ ጠየቅኩ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የታሪክ መምህርት ናቸው። ላፕቶፓቸው ሊኑክስ የሆነው ስክሪን አንባቢው አብሮት በነፃ ስለሚመጣ ነው። ስክሪን አንባቢ ማለት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ነው። የኔን ዜና የሚሰሙት በእሱ ነበር።

ብዙ ፈለግኩ። በመጨረሻ ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ አሮጌ ጌም አገኘሁ። ሰው የሌለበት መርከብ ውስጥ ነህ፤ «በሩን ክፈት»፣ «ፋኖሱን አንሣ» ብለህ በእንግሊዝኛ ትጽፋለህ፣ ጌሙም የሆነውን በጽሑፍ ይመልስልሃል። እንዴት እንደሚጫን ጽፌ በቻናሉ አወጣሁት። ማንም ምንም አላለም። መምህርት ታደለች ግን በማግስቱ ደወሉ።

«አቶ ማርቆስ፣ የመርከቡ ወጥ ቤት ገባሁ። መውጫው ጠፋኝ።»

«በስተ ሰሜን መሰላል አለ፣ እትዬ።»

«መሰላል? እሱን አላነበበልኝም። ቆይ፣ ልመለስ።»

ከዚያ ወዲህ ይደውሉልኝ ጀመር። ስለ መርከቡ እናወራለን፣ ስለ አዲስ ሥሪት እናወራለን። በመጀመሪያ አቶ ማርቆስ ይሉኝ ነበር፣ በኋላ አንተ አሉኝ። ስልኬ ሲጠራ ካቻቢቴውን አስቀምጬ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ጋሽ ሸምሱ አንድ ቀን «ልታገባ ነው እንዴ?» አሉኝ። አንባቢ ናቸው አልኳቸው። «ሰው ያነብሃል?» አሉ፤ በእውነት ገርሟቸው ነበር።

የፈተና ሰሞን መምህርት ታደለች ደወሉ። ድምፃቸው ሌላ ነበር። «ላፕቶፑ ዝም አለ» አሉኝ። አፕዴት አለ ብሎ ጠይቋቸው እሺ ብለዋል። ከተነሣ በኋላ እንግሊዝኛውን ያነባል፤ ወደ አማርኛ ፊደል ሲቀይሩት ጭራሽ ድምፅ የለውም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ፈተናውን ሌላ መምህር ያዘጋጅልዎት ብሏቸዋል። «ለኔ አዝኖ ነው ያለው፤ ክፉ ሰው አይደለም» አሉ። «ግን ፈተናዬን ሌላ ሰው ከጻፈው ለሚቀጥለው ዓመት ክፍሉንም ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ከዚያ ቢሮ ያስቀምጠኛል። ቢሮ ተቀምጬ ምን እሠራለሁ?»

ጋሽ ሸምሱን አስፈቅጄ ሚኒባስ ያዝኩ። በአንጋጫ አድርገን ዱራሜ ስንደርስ ቀትር አልፎ ነበር፤ በባጃጅ ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፣ እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። ገብቼ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ዝም ብዬ በእጄ ስዳብስ ሰሙኝ።

«ይቅርታ፣ መስኮቱን ልክፈትልህ። ሰው ሲመጣ ነው ትዝ የሚለኝ።»

ከፈቱልኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ሳቡና «ድምፅህ በአካልም እንዲህ ነው?» አሉኝ።

«እንዴት?»

«በስልክ ስሰማህ አላመንኩም ነበር። የምትጽፈውን የሚያነብልኝ የኮምፒውተሩ ድምፅ ነው። አይቆጣ፣ አይስቅ። አንተን እንደዚያ አድርጌ ነበር የያዝኩህ።»

«እኔም ሱቅ ውስጥ እንደዚያው ነኝ» አልኳቸው። ሳቁ።

ችግሩን ያገኘሁት ብዙ ከለፋሁ በኋላ ነው። በአዲሱ ሥሪት ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ክፍል በሌላ ተተክቷል፤ ስክሪን አንባቢው ከአዲሱ ክፍል ጋር ሲሠራ የአማርኛ ፊደል አይደርሰውም። አሮጌው ክፍል ግን አልጠፋም፤ የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ገጽ ጥግ ላይ መምረጥ ይቻላል። መረጥኩት፣ አስነሣሁት። መምህርት ታደለች ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው የፈተናውን አርእስት ጻፉ። ላፕቶፑ በዚያ ደረቅ ድምፁ መልሶ አነበበላቸው። ሙሉውን መስመር እስኪጨርስ አዳመጡና «እሺ» ብለው ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አለፉ።

ቆጮና አይብ አቀረቡልኝ። ሲመሻሽ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ሳስበው፣ ስለ ሥራዬ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ግማሽ ቀን ሳወራ የመጀመሪያዬ ነበር። ሆሳዕና ደርሼ ስወርድ ማንም የት ነበርክ አላለኝም።

ፈተናውን ራሳቸው አዘጋጁ፤ ክፍላቸውም አልተወሰደም። ነገሩ ግን አላለቀም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሳነብ፣ በሚቀጥለው ሥሪት አሮጌው የስክሪን ክፍል ጨርሶ እንደሚወጣ የሚያስታውቅ ዜና አገኘሁ። ሌላው ሰው በደስታ ነው የጻፈው፤ ለጌም አዲሱ ይፈጥናል፣ ሥዕሉም አይቆራረጥም። እውነትም ነው፤ ሞክሬዋለሁ። እኔ ግን ስጽፍ ሁለተኛ መስመር ላይ «አማርኛ በስክሪን አንባቢ የሚሰሙ ሰዎች ለጊዜው አይቀይሩ» ብዬ ጨመርኩ። ይህን መስመር ከእኔ ሌላ የጻፈ አላገኘሁም።

ከዚያ ለሶፍትዌሩ ሠሪዎች በእንግሊዝኛ ሪፖርት ጻፍኩ። ምን እንደተጫነ፣ ምን እንደተነካ፣ የት ላይ ዝም እንዳለ። ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም። ቆይቶ የት አገር እንዳለ የማላውቀው አንድ ሠሪ «ይህን ፊደል የሚያነብ ሰው በመካከላችን የለም። ማስተካከያ ብልክ ትሞክሩልኛላችሁ?» ብሎ ጻፈ። እንሞክራለን አልኩት። ስለ ሥራዬ በብዙ ቁጥር ስናገር እንግዳ ነገር ሆኖ ተሰማኝ።

እሱ ይልካል፣ እኔ ለሙከራ ባዘጋጀሁት ሁለተኛ ላፕቶፕ ላይ ጭኜ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ዱራሜ እልካለሁ፣ መምህርት ታደለች ይሰማሉ። በስልክ እንነጋገራለን።

«አነበበ?»

«ፊደሉን አንድ በአንድ አነበበ። ቃሉን ሙሉ ስጠይቀው ዘለለው።»

እጽፍለታለሁ። ሌላ ይልካል።

«አሁንስ?»

«አሁን ቃሉን አነበበ፤ አራት ነጥብ ጋ ሲደርስ ዝም አለ።»

መብራት ሲሄድ እንተወዋለን፣ ሲመጣ እንቀጥላለን። በዚህ ሁኔታ ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ደውለው ስልኩን ላፕቶፑ አጠገብ ያዙት። የራሴን ዜና ከአርእስቱ ጀምሮ ሲያነብ ሰማሁ። አራት ነጥቡን አልፎ ቀጠለ። የመናኸሪያውን ግንብ ተደግፌ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።

አዲሱ ሥሪት ሲወጣ ከተስተካከሉት ነገሮች መካከል ስለዚህ የሚናገር አንድ መስመር ነበረበት። ሌሎቹ ገጾች ስለ ጌም ፍጥነት ጻፉ። በኔ ቻናል የመጀመሪያው ዜና እሱ ሆነ። ጋሽ ሸምሱ እንዳነብላቸው ጠየቁኝና አነበብኩላቸው። «ይሄን አንተ ነህ ያሠራኸው?» አሉኝ። «ከመምህርቷ ጋር» አልኳቸው። ሻይ አስመጡልኝ።

መምህርት ታደለች በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ጊዜያቸው ደርሶ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቀን ክፍል ገብተዋል። ሊሄዱ ሲሉ ደወሉ።

«ሐዋሳ ልጄ ጋ ልገባ ነው።»

«ላፕቶፑስ?»

«አብሮኝ ይሄዳል። መርከቡን መቼ ጨረስኩ? የካፒቴኑ ክፍል እንደተቆለፈ ነው።»

«ቁልፉ የት እንዳለ ልንገርዎት?»

«አትንገረኝ። ከነገርከኝ በምን ምክንያት እደውላለሁ?»

ለተወሰነ ጊዜ ደወሉ። ከዚያ ጥሪው እየራቀ ሄደ። ባለፈው ዓመት ስደውል የስልኩ ድምፅ ቁጥሩ አገልግሎት እንደማይሰጥ ነገረኝ። ልጃቸውን አላውቃትም፣ የምጠይቀው ሰውም የለኝም። ስልክ ቀይረው ይሆናል። ቻናሉን ማን እንዳነበበው አያሳይም፤ ስንት ሰው እንደከፈተው ብቻ ነው የሚያሳየው።

ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ለልጃቸው ለቀዋል። አሁን የሚጠገነው ስልክ ነው፤ ኮምፒውተር አልፎ አልፎ ይመጣል። ዜናውን መጻፍ አላቆምኩም፤ ጌሙንም አዲሱንም ሥሪት እንደ ድሮው እሞክራለሁ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሶፍትዌሩ ይሠራል ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ስክሪኑን አጥፉና በጆሯችሁ ብቻ ክፈቱት። ካልተከፈተላችሁ ገና አልሠራም ብላችሁ ጻፉ።