ቀይ ክር ያለበት ማተብ

የዚያን ዕለት ቤታችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ከምሰሶው ሥር፣ በጠፍር አልጋው ጫፍ፣ የማኅበሩ ካህን ቄስ አዛናው። ከእሳቸው ቀጥሎ በመደቡ ላይ አባቴ፤ ከአባቴ አጠገብ ጎረቤታችን አያ ጓንጉል። በሴቶቹ በኩል እመት ብሬ፣ የእናቴ ታናሽ እህት አክስቴ ማሬ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ እታለም ትርንጎ። እናቴ አለሚቱ የቤቱ ባለቤት ስለሆነች አልተቀመጠችም፤ ጠላ እየቀዳች ትመላለሳለች። እኔ የአክስቴን ጉልበት ተደግፌያለሁ። ሌሎችም ነበሩ፤ ፊታቸውን እንጂ ስማቸውን ስላልያዝኩ አልጽፋቸውም። ቦታው ከዳባት ወዲያ፣ ከማኪና መንገዱ ራቅ ያለ የወገራ መንደር ነው። ጊዜው ጣሊያን ወጥቶ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ዕለቱም የጥቅምት ማርያም ማኅበር ነበር።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የሰም ሽታ ነው። አሁን የምኖረው ጎንደር ከተማ፣ ፒያሳ አጠገብ ባለች ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት እየሠራሁ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አያ ደሴ ጫማ ይሰፋል። ባለፈው ሰሞን የአንገቴ ማተብ ሳስቶ ሊበጠስ ሲደርስ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ምነው አትለውጠውም? ገበያው ሸጋ ሸጋውን ይዞ ቁጭ ብሎልሃል» አለኝ።

«አልለውጠውም። ሰም ብቻ እሽልኝ» አልኩት።

ሳቀብኝ፤ ግን የጫማ ክር የሚያሽበትን ሰም አነሳና፣ ማተቡ አንገቴ ላይ እንዳለ፣ በአውራ ጣቱ እያሞቀ ያሸው ጀመር። የማር፣ የጭስና የአሮጌ ክር ሽታ አፍንጫዬ ሥር መጣ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። የእታለም ትርንጎ የቀሚስ ሽታ ነው።

እታለም ትርንጎ ማተብ ትሠራ ነበር። ባሏ በጣሊያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር ወጥቶ አልተመለሰም፤ ልጅም አልነበራቸውም። ቤቷ ከግቢያችን ዝቅ ብሎ፣ ጣራው በአንድ በኩል ጎበጥ ያለ ጎጆ ነው። በመንደራችን የሚወለድ ልጅ ሁሉ ክርስትና ሲነሳ አንገቱ ላይ የሚታሰርለት ክር ከዚያ ቤት ይወጣል። ዋጋ አትቀበልም። ጥቁር የሐር ክር ከነጋዴ ታገኛለች፤ ሲታጣም ከአሮጌ የሐር ጨርቅ አንድ በአንድ እየመዘዘች ታወጣለች። ከደጃፏ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ሦስቱን ክር በባቷ ላይ በመዳፏ ስታንከባልለው የሚሰማው ቀጭን ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ የጧፍ ቁራጭ ታወጣና ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታሸዋለች፤ ዝናብ እንዳያበሰብሰው፣ የልጅ ላብ እንዳያላላው። በመጨረሻ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ትቋጥረዋለች። ሦስተኛዋን ቋጠሮ ወደ ውስጥ ስለምትመልሳት ጫፉ አይታይም። ያችን ቋጠሮ ከእሷ በቀር የሚሠራት አልነበረም። የመንደራችን ሰው ዳባት ገበያ ወርዶ የአንገት ልብሱን ቢፈታ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ በቋጠሮው ይለዩት ነበር። መርፌዋን የምታኖረው ባዶ የጥይት ቀለህ ውስጥ ነው፤ አፉን በዚያው በሰሙ ትደፍነዋለች።

የራሷ ማተብ ግን ከሁላችን ይለያል። በጥቁሩ መካከል አንዲት ቀይ ክር ተጠምዝዛበታለች። ያችን ክር የመዘዘቻት እናቷ ናት፤ ትርንጎ ክርስትና ስትነሳ ከታቀፈችበት ነጠላ ጥለት ላይ። ነጠላው አርጅቶ አልቋል፣ እናቷም አልፋለች፤ የቀረችው ክሯ ብቻ ናት። ልጆች እየነካን «ይቺ ምንድን ናት?» ስንላት «ይቺማ እኔ ነኝ» ትለናለች።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ግትር ነበረች። ማተብ ሰው በገዛ አንገቱ ላይ አያስረውም፤ የሌላ ክርስቲያን እጅ ነው የሚያስርለት ትላለች። አያ ጓንጉል አንድ ቀን የላላ ማተቡን ራሱ ሲያጠብቅ አይታው እጁን መትታ አስጥላዋለች። «ራስህን በራስህ ታጠምቃለህ እንዴ?» ብላ።

ታናሽ እህቴ የተወለደችው ክረምት ሲገባ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እህቴ ግን ሰማንያው ሳይሞላ፣ በነሐሴ፣ ታመመች። ቤተ ክርስቲያናችን ከወንዙ ማዶ ነው። አባቴ ቄስ አዛናው መጥተው በቶሎ እንዲያጠምቋት ሊጠራቸው ሮጠ፤ ወንዙ ግን ሞልቶ ደፍርሶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ዳር ለዳር እየሮጠ ወደ ማዶ ሲጣራ ድምፁን ውሃው ዋጠው። እኔን አያቴ ቤት ልከውኝ ነበር። ቤት የቀሩት እናቴና እታለም ትርንጎ ብቻ ናቸው፤ የሆነውን የነገረችኝም እናቴ ናት።

ሕፃኗ ትንፋሿ እየቆራረጠ ሲመጣ እናቴ «ወየው፣ ያለ ስም፣ ያለ ምልክት ልትሄድብኝ ነው» አለች። እታለም ትርንጎ ተነሳች። ቤቷ የተሠራ ማተብ አልነበረም፤ ክሩ ገና ጥሬ ነው፤ ለመፍተል ደግሞ ጊዜ የለም። ከሌማቱ አጠገብ የነበረውን ቢላዋ አነሳችና የገዛ ማተቧን ቆረጠች። ለትንሿ አንገት ሁለት ጊዜ አዙራ አሰረችው። ውሃ አልረጨችም፣ የጥምቀት ቃልም አላለችም፤ ያ የካህን እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። «እመቤቴ፣ ስትመጣ በዚህ እወቂያት» ብቻ ነው ያለችው። አባቴ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ ሕፃኗ ተገንዛ ነበር። ያልተጠመቀች ስለሆነች ፍትሐት የላትም፤ ከእርሻችን ዳር ከኮሶው ዛፍ ሥር ቀበሯት።

የዚያን ለት እናቴን አንድ ፍርሃት ያዛት። ሳይጠመቁ ማተብ ማሰር ድፍረት ነው፤ ካህኑ ቢሰሙ መቃብሯን አስከፍተው ክሩን ይፈቱባታል ብላ አሰበች። የእታለም ትርንጎን እጅ ይዛ «በማተብሽ ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት።

እታለም ትርንጎ ባዶ አንገቷን ዳሰሰች። «ማተቤማ እሷ ዘንድ ነው» አለች። «እሺ፣ አልናገርም።»

ክረምቱን ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ከረመች፤ ብርድ ስለነበር ማንም ልብ አላላትም። አዲስ ማተብ ሠርታ እንዳታጠልቅ በራሷ እጅ አታስርም፤ ሌላ ሰው ቢያስርላት ደግሞ ቀይዋ ክር አለመኖሯን መንደሩ ሁሉ ያያል። ቄስ አዛናው እንዲያስሩላት እንዳትጠይቅ የፊተኛው የት ሄደ ይሏታል፤ ለነፍስ አባቷ ደግሞ አትዋሽም። በዚህ መካከል የጥቅምት ማርያም ደረሰች።

ማኅበሩ ደህና ጀምሮ ነበር። እመት ብሬ እንደ ልማዷ አያ ጓንጉልን ይዛዋለች።

«ኧረ አያ ጓንጉል፣ ጸሎቱ ሳያልቅ ጋኑን በዓይንህ ጨረስከው!»

«ዓይንማ ጾም የለበትም፤ አንቺስ አፍሽን መቼ ነው የምታስጾሚው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቄስ አዛናውም ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ተነስተው ጽዋውን ባረኩ። ጽዋውን ወስዶ የሚቀጥለውን ወር ማኅበር የሚደግስ ተረኛ አለ፤ የዚያን ዕለት ተረኛዋ እታለም ትርንጎ ናት። ከበሩ አጠገብ ተነስታ መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ነጠላዋ ከአንገቷ ላይ ወረደ።

ቄስ አዛናው ጽዋውን ወደ ደረታቸው መለሱት።

«ትርንጎ፣ ማተብሽስ?»

የወረደውን ነጠላ ሳታነሳ ቀና አለች።

«ተበጥሶብሽ ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው መውጫ የሚሰጣት ነበር። አዎ ብትል ያልፍላት ነበር።

«አልተበጠሰም፣ አባ። ቆረጥኩት።»

«ማ? አንቺው?»

«በገዛ እጄ።»

እመት ብሬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ጉድ ነው! የመንደሩን አንገት ሁሉ አስራ፣ የራሷን ፈታች!»

አባቴ «ብሬ፣ ተይ እስቲ» አላት።

ቄስ አዛናው እንደገና ለሰለስ አሉ። «ነገ ማለዳ ነይ። ንስሐ ግቢና አስርልሻለሁ።»

«የት እንዳደረስኩት ሳይጠይቁኝ ያስሩልኛል?»

«ሳልጠይቅማ እንዴት ብዬ?»

«እንግዲያው ይቅር፣ አባ።»

እናቴ ቅል ይዛ ከጋኑ አጠገብ ቆማለች። አፏን እንደከፈተች ነግራኛለች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ እታለም ትርንጎ ዞር ብላ አየቻትና «አለሚቱ፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ» አለቻት። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ቃሉ አልነበረም። እታለም ትርንጎ ነጠላዋን መልሳ ተከናንባ ወጣች።

እናቴን እስከ ዛሬ የሚበላት ይህ ነው። ውሃውን የጠየቀችኝ ዝም በይ ለማለት ነው ወይስ ጊዜ ስትሰጠኝ ነው ትላለች። ቀን ቀን ዝም አሰኝታኝ ነው ትላለች፤ ሲመሽ ደግሞ ሐሳቧን ትለውጣለች።

ከዚያ በኋላ እታለም ትርንጎን ማንም አልሰደባትም። ማንም ደጇን አልረገጠም እንጂ። ለአራስ ልጅ የሚሆን ማተብ ከዳባት ገበያ ይመጣ ጀመር፤ ቀለሙ በላብ የሚለቅ፣ የልጆቹን አንገት የሚያጠቁር። ከዚያ በፊት የተወለድነው ግን ማተብ አይፈታምና የእሷን ቋጠሮ ባንገታችን እንዳሰርን በደጃፏ እናልፍ ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። የሚፈተል ክር ግን እጇ ላይ አልነበረም። የገና በዓል ሳይደርስ አንድ ማለዳ ወደ ማኪናው መንገድ ስትወርድ ታየች። ዛሪማ ገበያ ጥጥ ስትፈትል አየኋት ያለ ነጋዴ ነበር፤ ገዳም ገብታለች ያለም አለ።

እናቴ ነገሩን ለቄስ አዛናው የተናዘዘችው እሳቸው አርጅተው፣ ዓይናቸው ፈዝዞ በሰው ሲመሩ ነው። ሰምተው ሲጨርሱ «አለሚቱ፣ ከሕፃን አንገት ክር ለመፍታት መቃብር አስከፍታለሁ ብለሽ ፈራሽኝ?» አሏት። እናቴ አለቀሰች። እሳቸው ግን እሷን መገሰጹን ትተው አቀረቀሩ። «እኔም እኮ ሳልጠይቅ ማሰር እችል ነበር» አሉ። በሳምንቱ ዛሪማ ሰው ላኩ። የተላከው ሰው ሳያገኛት ተመለሰ። ቄስ አዛናው ያንን ዓመት አልጨረሱም።

ክርና መርፌ ሥራዬ ነው። ማታ ሱቁ ሳይዘጋ ሦስተኛዋን ቋጠሮ ለመሥራት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ወደ ውስጥ ትገባልኛለች፤ ሳብ ሳደርጋት ግን ትፈታለች። የአንገቴን ፈትቼ እንዳላይ ደግሞ የሚያስርልኝ የእሷ እጅ የለም። ስለዚህ አያ ደሴ በሰም እንዲያሽልኝ እሄዳለሁ፤ እሱም እየሳቀ ያሽልኛል።

የጻፍኩት እኔ የማስታውሰውንና እናቴ የነገረችኝን ነው። አክስቴ ማሬ በአንዱ አትስማማም፤ እታለም ትርንጎ ውሃ አልጠየቀችም፣ ዝም ብላ ነው የወጣችው ትላለች። አባቴና አያ ጓንጉል ሞተዋል፤ እመት ብሬን ብጠይቃት አለቀሰችብኝ። ያን ዕለት ቤታችን የነበራችሁ፣ ፊታችሁን ይዤ ስማችሁን የጣልኩባችሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ውሃውን ጠይቃ እንደሆነ፣ ጠጥታውም እንደሆነ ንገሩኝ። በዛሪማ መንገድ ወይም በየትኛውም ደብር ያገኛችኋት ካላችሁ ደግሞ ሌላ አልጠይቃችሁም፤ አንገቷ ላይ ክር ያሰረላት ሰው ነበረ ወይ? እናቴ አሁን እኔ ዘንድ ናት፤ በደህና አትተኛም። ማለዳ ስነሳ መጀመሪያ የምታየው አንገቴን ነው።