አንብቤዋለሁ ያልኩት መጽሐፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። ነገሩን ካወቅሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም።

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ስንኖር፣ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሊሴ የሚሉትን፣ የጨረሱት መንታዎቼ ጡት አልጣሉም ነበር። ዓርብ ዓርብ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች የዕረፍት ቀናቸው ስለሆነ እኔ ቤት ይሰበሰባሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩ «እትዬ ሙሉ፣ ምን እናንብብ?» የሚሉት እኔን ነው። እኔ ምን አነበብኩና? አንዱን ሳጠባ ሌላው ያለቅሳል። ሽፋኑንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች አየት አደርግና «ይሄ ለእናት የሚሆን ነው፣ አንጀት ይበላል» እላለሁ። መከበሩ ጣመኝ። አንዱን መጽሐፍ በየተራ ወስደው ያነቡታል። በልጅ ጫጫታ መሀል ማውራት ስላልተቻለ፣ የተሰማችሁን በእርሳስ ገጹ ዳር ላይ ጻፉ የሚል ደንብ ያወጣሁትም እኔው ነኝ።

ውድነሽ ጋቦዴ ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር፣ ልጇን ድሬዳዋ ለእናቷ ትታ የመጣች ዝምተኛ ሴት ነበረች። በአንድ መጽሐፍ ላይ ተራዋ የመጨረሻ ነበር። መጽሐፉን ስትመልስልኝ «ዳር ዳሩንም አንብቢው፣ አደራ» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ገና ከበር «ጨረስሽው?» አለች። ጨረስኩት አልኩ። ዳር ዳሩንም? አንድም አልቀረኝም አልኩ። ሌሎቹ እየሰሙ እንዴት አላነበብኩም ልበል? ጥቂት ጠበቀችኝ። እኔ የልጅ ጨርቅ እቀይር ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በሳምንቱ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረች አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሰማ የለም። ሳትሰናበተኝ ብዬ ተቀየምኳት። እኔ፣ እሷን። መጽሐፉም ሳጥኔ ውስጥ ቀረ።

ባለፈው ሰኞ ያንኑ መጽሐፍ ለጎረቤቴ ለሰናይት ሰጠኋት፤ ጨቅላ ልጅ አላት። «አንብቤዋለሁ፣ ትወጂዋለሽ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጣቷን ገጹ መሀል እንዳደረገች መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«እትዬ ሙሉ፣ ይህችን ሴት ምን አልሻት?»

ምን እንደምትል አልገባኝም። ተቀብዬ ገጹ ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፈውን አነበብኩ።

«እትዬ ሙሉ፣ የምተኛበት ክፍል ቁልፍ የለውም፤ የቤቱን ሰውዬ ፈርቼዋለሁ። ሴቶቹ ፊት መናገር አፈርኩ። ሌላ ሥራ እስካገኝ አንቺ ዘንድ ልጠጋ? እሺ ካልሽ ዓርብ ንገሪኝ። ካልተመቸሽ ምንም አትበይ፤ ይገባኛል፣ አልቀየምሽም። አንድ ደላላ በባሕር ላሻግርሽ ይለኛል።»

ለሰናይት ምን አልኳት መሰላችሁ? «ያ ገጽ አምልጦኝ ነው» አልኩ። ገጽ አምልጦኝ። አንዱንም ያላነበብኩ ሴት፣ አሁንም ዋሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በልጆቼ አላመካኝም፤ ሰው ለማማት ጊዜ የነበረኝ ሴት አምስት መስመር ለማንበብ ጊዜ አጣሁ ልል ነው? ውድነሽ «አንብባ ዝም አለችኝ» ብላ ነው የሄደችው። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልጠይቅም፤ የበደልኩት እሷን ነው። በሕይወት ካለሽና ይህ እጅሽ ከገባ ግን ውድነሽ፣ አንድ ነገር እወቂልኝ። ያን ሰሞን ቤቴ፣ በር አጠገብ የነበረው የእንግዳ ፍራሽ ባዶውን ነበር የሚያድረው።