የኔታ የከደኗቸው ጎጆዎች

አጎቴ ከአማኑኤል ማዶ ባለ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ እኛም ዘመዶቻቸው እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» እንላቸው ነበር። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ከተማሪዎቻቸው ግማሹ ዱር ገባ፣ ግማሹ ወደየቤቱ ተበተነ። እሳቸው ግን ክረምት ሊገባ ሲል ሣር እያሸከሙኝ ባዶዎቹን የተማሪ ጎጆዎች በየዓመቱ ይከድኑ ነበር።

«የኔታ፣ አሁን ይህን ማን ሊያድርበት ነው?» ብዬ አንድ ቀን ተቆጣሁ።

«ተማሪ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ጎጆውን ነው። ፈርሳ ካገኛት ተባረርሁ ይላል» አሉኝ፣ ከጣሪያው ሳይወርዱ።

ዘንድሮ አረፉ። ለተዝካራቸው ማገዶ ቢያጥረን አንዷን ጎጆ አፍርሰን አነደድናት። መጥረቢያውን የያዝሁት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ አንድ ጢሙ ያደገ አርበኛ መጣ፤ ትምህርቱን ትቶ የዘመተ ተማሪያቸው ነው። የኔታ ማረፋቸውን ብነግረው እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ጎጆዎቹ ዘወር ሲል ዓይኑ ክፍቱ ቦታ ላይ ቀረ። ለካ ያፈረስኋት የእሱ ጎጆ ኖራለች።

«መሽቷል፣ እደር እንጂ» አልሁት።

«የት?» አለኝና ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ።