ጠበል ያልነካው ፍላጻ

ሞጣ መናኸሪያ የብቸና መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ነው ሽታው የመጣብኝ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ቁጭ ብለዋል። ፍም ላይ ቁራጭ ሰም አሙቀው ክራቸውን ያሹበታል። የሞቀ ሰም ሽታ ከቆዳና ከብረት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ አያ ደምሌ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

አያ ደምሌ ብቸና ዳር፣ ከበቆሎ ማሳችን ማዶ የሚኖሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ለአገሩ ሁሉ የሚሠሩ እሳቸው ናቸው። አገሩ ግን ቤታቸው ውኃ እንኳ አይቀምስም። ቡዳ ናቸው ይላል። በማረሻቸው አርሶ ያበቀለውን ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ እጃቸውን ግን ይፈራል። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እሳቸው ወናፋቸውን እየነፉ፣ "ደርግ ሁሉም እኩል ነው ብሏል አሉ፤ እስቲ ሊቀመንበሩ መጥቶ ከሌማቴ ይቁረስ" ይሉ ነበር።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ ሚሊሻ ሆኖ ዘምቷል። ምንሽሩን ገበሬ ማኅበሩ ሰብስቦታል። ጠመንጃ ከአገሩ ሲጠፋ ከርከሮ ጌታ ሆነ። አንዱ በየማለዳው ከወንዙ ጥሻ እየወጣ በቆሏችንን ይጥለዋል። የሚበላው ትንሽ ነው፣ የሚያበላሸው ብዙ። መስከረም ነው፣ ትምህርት ተከፍቷል። እናቴ ቁርጡን ነገረችኝ፦

"በቆሎው ካለቀ ጤፉ እስኪደርስ የምንበላው የለም። ትምህርቱን ተወውና ማማ ላይ ውጣ።"

ወጣሁ። ጮኽኩ፣ ወንጭፍ ወረወርኩ። ከርከሮው እንደ ዝንብ ነው የቆጠረኝ። በአራተኛው ቀን ማዶ ተሻግሬ አያ ደምሌ ዘንድ ሄድኩ።

"ጠመንጃ ይሥሩልኝ" አልኳቸው።

"እኔንም አንተንም ሊያስሩን?" አሉ። "ቀስት ግን እስካሁን አልመዘገቡም።"

ወጣት ሳሉ ቆላ ወርደው አድነዋል አሉ፣ ቀስት ያውቃሉ። ቀስቱ ራሱ ብዙም አላስቸገራቸውም። ሦስት ቀን የፈጀው ፍላጻው ነው። ከወንዝ ቆርጬ ያመጣሁትን ሸምበቆ እርጥብ ነው ብለው ጣሉትና ከጣሪያቸው ሥር የከረመ ደረቅ መዘዙ። ፍም ላይ እያሞቁ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በበሩ ብርሃን እያዩ፣ ጎባጣውን ጉልበታቸው ላይ አቀኑት። ከኋላው ሦስት የአሞራ ላባ አሰሩ፤ ሦስቱም ከግራ ክንፍ። ማን ያይብኛል ብዬ አንዱን ከቀኝ ክንፍ ባቀብላቸው መለሱልኝ።

"ሁለቱ ወደዚህ ሲያዞሩት ይኼ ወደዚያ ይጎትተዋል። ምን በድሎህ ነው?"

ብረቱ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ጣት፣ ስለቱ በሁለት ወገን። ሸምበቆው ጫፍ ላይ በሰም ከተከሉት በኋላ ጫፉን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አቁመው እንደ እንዝርት አሾሩት። ተንቀጠቀጠ። ሰሙን አሞቁ፣ ብረቱን የፀጉር ያህል ገፋ አደረጉ፣ ደግመው አሾሩት። አሁንም ተንቀጠቀጠ። ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት እንጃ፤ እኔ ሰለቸኝ፣ እሳቸው አልሰለቻቸውም።

"ሰፊ ብረት ማለት ክንፍ ነው" አሉኝ። "የፊቱ ክንፍና የኋላው ካልተስማሙ ፍላጻው ሁለት ጌታ አለው ማለት ነው። ሁለት ጌታ ያለው ደግሞ ለማንም አይታዘዝም።"

ፀጥ ብሎ መዞር ሲጀምር ነው በጅማት የጠመጠሙት። ጅማቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠበቅን። ከዚያ ከደብተሬ አንድ ገጽ አስገነጠሉኝና ጭድ በተሞላ ጆንያ ፊት ሰቀሉት። ፍላጻው ወረቀቱን በጠባቡ ቀዶ ካለፈ ቀንቷል፤ ወደ ጎን ከዘነጠለው ጭራው ይወዛወዛል። ቀስቱን ስበው ለቀቁት። ቀዳዳው ጠባብ ነው።

"ምን ነበር የተጻፈበት?" አሉ፤ ማንበብ አይችሉም።

"ማባዛት።"

"ለከርከሮው ማባዛት አይገባውም፤ ደግ አደረግን።"

እስኪመሽ በዚያው ብረት አለማመዱኝ። በሌላ ብረት የተማረ እጅ በዚህ ይስታል ብለው ነው። ሲበቃ ስለቱን መልሰው ስለው ሰጡኝ።

ይዤው ስገባ እናቴ ከእጄ ቀማችኝ። "የቡዳ ትንፋሽ ያለበት ነገር ቤቴ አያድርም" ብላ ጠበል በቅል ቀዳችና እስኪርስ አጠበችው፣ ከዚያ እንዲደርቅ ምድጃ ዳር አጋደመችው። እኔም ትንሽ እፈራ ነበር እኮ፣ ምን እዋሻለሁ።

በማግስቱ ከርከሮው በአጥሩ ክፍተት ገባ። ከማማው ሥር ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ለቀቅሁት። ፍላጻው እንደ ሰካራም ወደ ጎን ተንጋደደና አፈር ወጋ። ከርከሮው ቀና ብሎ አየኝና ጭራውን አቁሞ ሄደ።

እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። "የደምሌ ዓይን ነው ያጣመመው" ስትል ሴቶቹ አማተቡ። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

ፍላጻውን መልሼ ስወስድላቸው ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጥፍራቸው ላይ አሾሩት፤ ተወዛወዘ። ጅማቱን ዳሰሱት፤ ላልቷል።

"ውኃ ጠጥቷል" አሉ።

"ዝናብ ነው" አልኩ። ከዘነበ ሳምንት አልፎታል።

ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። "ዝናብ ከሆነ እሺ። ጠበል ከሆነ ግን ለእናትህ ንገራት፤ ጠበል ለሰው ነው። ጅማት ሲርስ ይለቃል፣ ሰም ምድጃ ዳር ይቀልጣል። የኔ ዓይን እዚህ ውስጥ የለችበትም፤ ይኼን ሳቀና ደክማ ተኝታለች።"

"እነግራታለሁ" አልኳቸው።

አዲስ ሰም፣ አዲስ ጅማት፣ እንደገና ጥፍር ላይ። ሲጨርሱ ቤት አላስገባሁትም፤ ማማው ሣር ውስጥ ደበቅሁት። በሁለተኛው ማለዳ ከርከሮው መጣ። ፍላጻው ከጎድኑ ሥር ገብቶ ሲጠፋ እንጂ ሲሄድ አላየሁትም። ወንዙ ሳይደርስ ወደቀ።

ሰው ተሰበሰበ። እናቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ "የጠበሉ ሥራ ነው፣ እያደር ሠራ" አለች። ሁሉም እውነት ነው አለ። አያ ደምሌ ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። እኔን አዩኝ። መምህር የማይፈራው ምላሴ፣ ሊቀመንበር የሚዘልፈው ምላሴ፣ ያን ጊዜ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። እሳቸውም ትንሽ ጠበቁኝና ወደ ወናፋቸው ተመለሱ።

እኔ ትምህርት ቤት ተመለስኩ፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርኩ። በዓመቱ የጎረቤት ሕፃን ታመመ። የማን ስም እንደተነሳ ምን ይጠየቃል። አያ ደምሌ ወናፋቸውን አህያ ላይ ጭነው ወደ ሞጣ ሲሄዱ ማማው ላይ ሆኜ አየኋቸው። አልወረድኩም። ዛሬ ሞጣ ስደርስ ጠይቄ ነበር፤ ከሞቱ ቆይተዋል አሉኝ።

ይኼን ሁሉ ለጫማ ሰፊው ነገርኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ሳይሉ ሰሙኝ።

"እናትህ አለች?" አሉ።

"አለች፣ ብቸና።"

"ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም።"

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል?"

የዚያ ፍላጻ ብረት ከአንድ ስንዝር ሸምበቆው ጋር ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተለይቶኝ አያውቅም። አውጥቼ ጥፍሬ ላይ አቆምኩትና አሾርኩት። ፀጥ ብሎ ዞረ። ረዳቱ "ብቸና፣ ብቸና" ሲል ገባሁ። መስኮት ዳር ተቀምጬ፣ ብረቱን በእጄ እንደያዝኩ፣ ለእናቴ ከየት እንደምጀምርላት ማሰብ ጀመርኩ።