ያልፈተሽኩት ውሃ

ባለፈው ወር የግቢዬን በር ሊበይድ የመጣው ባለሙያ ከጋዙ ማስተላለፊያ ጎማ ጫፍ ላይ አውራ ጣት የምታክል የነሐስ ዕቃ ገጥሞ አየሁና ምንድን ናት አልኩት። እሳት ወደ ኋላ ተመልሶ ጋዙ ውስጥ እንዳይገባ የምታግድ ናት አለኝ፤ እሷ እያለች አልሰጋም ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በልጅነቴ ያቺን ሥራ የምሠራው እኔ ነበርኩ።

አባቴ ማራኪ ሰፈር፣ መንገድ ዳር ብየዳ ቤት ነበረው። ያኔ ጋዙን የሚያወጣው በርሜል ውስጥ ካርባይድና ውሃ እያገናኘ ነው። ከበርሜሉ ጎን ውሃ የተሞላ ወፍራም ቱቦ ቆሟል። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ያልፋል፤ እሳት ከተመለሰ ደግሞ እዚያው ውሃው ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ውሃው መጉደል የለበትም። ጠዋት ጠዋት በቱቦው ወገብ ላይ ያለችውን ትንሽ ቧንቧ እከፍታለሁ፤ ከተንጠባጠበ ደህና ነው፣ ካልተንጠባጠበ በጆግ እጨምራለሁ። ከዚያ "ደርሷል" ስለው አባቴ እሳቱን ይለኩሳል።

እናቴ ከአባቴ ተለያይታ አዲ አርቃይ ወላጆቿ ዘንድ ከገባች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አባቴም ዝምተኛ ነው። ካርባይድ የከረመ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ልብሴም ፀጉሬም እሱኑ ስለሚሸት ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ አልነበረም። የሰፈር እናቶችም አንድ ቀን ይፈነዳል እያሉ ልጆቻቸውን ወደ እኛ ደጅ አይልኩም። ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ ሥዬ ብቻዬን እጫወት ነበር፤ ብቻዬን ሆኜም አጭበረብር ነበር።

አንድ ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ ትርንጎ በራችን ላይ ቆማ አብረን ትምህርት ቤት እንሂድ አለችኝ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ነገር ነው። ቧንቧውን ልክፈት ብል ትታኝ የምትሄድ መሰለኝ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እየሮጥኩ "ደርሷል!" አልኩት አባቴን።

ትምህርት ቤት ሳንደርስ ፍንዳታውን ሰማን። ተመልሼ ስደርስ የበርሜሉ ክዳን ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወድቋል፤ አባቴ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል። ሰው ከቦታል። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ጎንበስ ብሎ፣ "ምነው አያ ፈንታ፣ ውሃው ሳይታይ ነው እሳት የተለኮሰ?" አለው።

አባቴ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"ረሳሁት" አለ።

ከዚያ በኋላ ደንበኛው ሸሸ። አያ ፈንታ ዘንግቷል፣ እጁ አይታመንም ተባለ። ብየዳ ቤቱን ዘግቶ ሰው ቤት ብረት ቆራጭ ሆኖ ተቀጠረ። አንድም ቀን ስለዚያ ጠዋት አላነሳብኝም። ቢቆጣኝ፣ ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ትርንጎም ሁለተኛ ደጃችን አልደረሰችም። የልጅነቴን የቀረ ዘመን የማንም ጓደኛ ሳልሆን፣ ለማንም የማልነግረውን ነገር ይዤ አደግሁ።

አሁን አባቴ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። ጊዜው ሸጋ ነው፤ ብየዳው እንደ ድሮው አያስፈራም፣ የጎረቤት ልጆችም ግቢዬን ሞልተው ይውላሉ፣ እኔንም እትዬ ይሉኛል። እኔና አባቴ ግን እንደ ያኔው ዝም ብለን ነው የምንቀመጠው።

ባለፈው እሑድ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ በማይሰማው ግራ ጆሮው በኩል ተቀመጥኩና በለሆሳስ፣ "ውሃውን አላየሁትም ነበር፣ አባዬ። ዋሽቼህ ነው" አልኩት።

ዞር አለ።

"ምን አልሽ?"

"ነፋሱ በረታ፣ እንግባ" አልኩት።