አፍ የሌለው እንግዳ

ጋሽ ሰይፈ ገብርኤልን ለማያውቃቸው ሰው ላስተዋውቅ ብል ከየት እንደምጀምር ይቸግረኛል። ፍራንክፈርት ከተማ፣ ፌኸንሃይም በሚባል ሰፈር፣ በአንድ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ሣጥን ይደረድራሉ ብል እውነት ነው፤ ግን በዚህ ብቻ ሰውየው አይታወቁም። ደራሲ ናቸው ብል ደግሞ ራሳቸው ቀድመው "ኧረ ተይ፣ ምን ደራሲ! ዝም ብዬ ስሞነጫጭር ነው" ይላሉ። ችግራቸውም ይኸው ነው። የሚፈልጉትን ነገር እጃቸው ላይ ሲያስቀምጡላቸው "አያስፈልግም" ብለው የሚመልሱ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው እኔን ያናድደኛል። እሳቸውን ብወዳቸውም ያናድዱኛል።

እኔ ፀሎት ነኝ፤ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር ከእሳቸው አንድ ፎቅ በላይ እኖራለሁ። እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። ፍርድ ቤትም ሐኪም ቤትም ሰው ያለውን እላለሁ እንጂ ሊል የፈለገውን አልገምትም።

ጋሽ ሰይፈ ደሴ መምህር ሳሉ ለወላጆች በዓል ቲያትር ይጽፉ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ የቀበሌው ኪነት ቡድን ድርሰታቸውን እየወሰደ መድረክ ላይ ያወጣው ጀመር፤ መጋረጃው ሲከፈት የሚነበበው ስም ግን የኮሚቴው ነበር። ሰዉ ሲያጨበጭብ እሳቸውም ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው አብረው ያጨበጭቡ ነበር። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው። ከዚያ ስደት መጣ፤ ከስደት በኋላ መጋዘኑ። ልጃቸው ራሕዋ እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዳ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት፣ ትምህርት ቤት "አባትሽ ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቋትና "ሣጥን" ብላ መለሰች። ይህንንም ነገሩኝ፤ ይህን ሲነግሩኝ ግን አልሳቁም።

"አንድ ጊዜ ብቻ" አሉኝ፣ "በጻፍኩት ነገር ላይ ስሜን ብታይልኝ።"

በፈረንጅ ዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ መጋዘኑ ባለበት ግቢ ውስጥ የነበረውን ባዶ የቀለም ፋብሪካ ክፍል ኡርዙላ የምትባል ሴት ተከራየችው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጋሽ ሰይፈ በበሩ ሲያልፉ ሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ካለ ስንዝር የማይሞላ አሻንጉሊት ፊት ቆማለች። እጁን ትንሽ ከፍ ታደርገዋለች፣ ወደ ካሜራው ትሄዳለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትንሽ ከፍ ታደርገዋለች። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲታዩ አሻንጉሊቱ በራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ጋሽ ሰይፈ ዳቧቸውን እንደያዙ ፈዘው ቀሩ።

"አንዱን ሰውዬ ከወንበር ለማስነሳት ግማሽ ቀን ፈጀባት!" አሉኝ ሲመለሱ። በክረምቱ ብርድ እንዲያ ፊታቸው በርቶ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያው ሆነ። ኡርዙላ እጀ ወርቅ ናት፣ ግን ታሪክ አልነበራትም። አንድ ቀን "ሄር ሰይፈ" ብላ፣ አቶ ማለቷ ነው፣ "እርስዎ ታሪክ ያውቃሉ?" ብትላቸው እንደ ልማዳቸው "ኧረ አላውቅም" አሉ። በማግስቱ ጽፈው ይዘው ሄዱ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው በዝናብ ብዙ መንገድ ተጉዞ፣ ርቦት፣ ዘመድ ቤት ይገባል። ዘመዱ ዳቦ ያቀርብለታል፤ እንግዳው ይግደረደራል፤ ባለቤቱ ይለምነዋል፤ በስንት ልመና ይበላል። ጀርመንኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ላቤ ጠብ እስኪል። ሰላምታው ብቻ ሁለት ገጽ ነበር። ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ ጤና። ኡርዙላ እስከ መጨረሻው አንብባ ሳቀችና አሻንጉሊቱን አምጥታ ፊታችን አቆመችው። የእንጨት ጭንቅላት አለው፣ ዓይን አለው፣ አፍንጫ አለው። አፍ የለውም።

"የኔ ሰዎች አይናገሩም" አለች።

ጋሽ ሰይፈ በዚህ አዝነው ሰነበቱ። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ሰውን መድረክ ላይ ማናገር ነው። ያም ሆኖ ንግግሩን ሁሉ አውጥተው እንደገና ጻፉት፦ "ባለቤቱ ዳቦ ያቀርባል። እንግዳው እምቢ ይላል። ባለቤቱ ይለምናል። እንግዳው እምቢ ይላል።" ኡርዙላም ሳምንታት ሙሉ ስትሠራ ከርማ ፊልሙን ወደሚታጠብበት ቤት ላከችው።

ታጥቦ ሲመጣ መጋረጃውን ዘግተን ነጩ ግድግዳ ላይ አየነው። ባለቤቱ ዳቦውን አቀረበ። እንግዳው ሳህኑን ገፋው፤ ገፍቶም አልቀረ፣ ወደኋላ ተደግፎ ሆዱን መታ መታ አደረገ። ባለቤቱ እንደገና ቢያቀርብለት ፊቱን አዞረ።

ጋሽ ሰይፈ ብድግ አሉ። "ይሄማ ጠግቧል!"

"እምቢ ይላል ብለው እኮ ጽፈዋል" አለች ኡርዙላ።

"እምቢማ ይላል! ግን ርቦታል!"

"ከራበው ለምን እምቢ ይላል?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በጀርመንኛ እስቲ ማን ይወጣዋል? እንደምንም "እኛ ጋ የመጀመሪያው 'አይ' ገና መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው" አልኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ኡርዙላ አልሳቀችም። ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለች፦

"ጥሩ። ግን ሄር ሰይፈ፣ ይሉኝታን ፎቶ ላነሳው አልችልም። ሲግደረደር እጁ የት ነው? እግሩ የት ነው? እሱን ይጻፉልኝ።"

በዚያው ሰሞን የእንዳሻው ልጅ ክርስትና ነበር። እንዳሻው የሕንፃችን ሰው ነው፤ ግብዣው ላይ የቀረ ሐበሻ የለም። ጋሽ ሰይፈ ግን እህል አልቀመሱም። ግድግዳ ተደግፈው ሰው ሲግደረደር ያያሉ። እኔ እንኳ አፍሬ "ጋሼ፣ ኧረ ሰው ይታዘብዎታል" ብላቸው ክርኔን ያዙኝ።

"ወልደኣብን እይው፣ እይው!"

ወልደኣብ የታክሲ ሹፌር ነው፣ ግዙፍ ሰው። እንዳሻው ወጥ ሊጨምርለት ሲመጣ "በቃኝ፣ በማርያም በቃኝ!" እያለ ሳህኑን በእጁ ይሸፍናል።

"ጣቶቹን እይ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ይሸፍናል፣ ግን ጣቶቹ ክፍት ናቸው። ወጡ በመሃል እንዲያልፍ!"

እውነትም ክፍት ነበሩ። ስንት ዓመት አብሬው በልቼ አላየሁትም። ደግሞ ሌላውን አሳዩኝ፤ "ልሂድ፣ ልሂድ" ብሎ ከወገቡ በላይ የተነሳውን፣ እግሮቹ ግን ከጠረጴዛው ሥር ያልተነቃነቁትን። እየሳቅሁ ትን አለኝ።

አዲሱን ጽሑፍ ኡርዙላ ስታነብ የራሷን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቶቿን ቀስ ብላ ከፈተች። "አሁን ታየኝ" አለች። ፊልሙን ከመጀመሪያው አንስታ ሠራችው፤ ሁለት ወር ፈጀባት።

በመጨረሻ የስም ተራ ደረሰ። ኡርዙላ ከካርቶን ፊደል እየቆረጠች ነበር። መቀሷን ሳታስቀምጥ "ሄር ሰይፈ፣ የፊልሙ ደራሲ ብዬ የእርስዎን ስም ላስገባ?" አለቻቸው።

ጋሽ ሰይፈ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ናይን፣ ኧረ አይ፣ ፍራው ኡርዙላ። እኔ ምን ሠራሁና? የእርስዎ ብቻ ይበቃል።"

በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጥኳቸው። ምንም አልፈየደም።

"እንደ ፈቃድዎ" አለች ኡርዙላ፤ ወደ ካርቶኗ ተመለሰች።

ወደ ትራሙ መቆሚያ ሄድን። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ደግማ አልጠየቀችኝም" አሉ።

"አልጠየቀችዎትም።"

"ሰው እንዴት አንዴ ጠይቆ ይተዋል?"

እዚያ ላይ ፈነዳሁ። "ጋሼ! ስለዚሁ ነገር አይደል እንዴ ፊልም የጻፉት?"

"ያ ፊልም ነው" አሉኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ትራሙ መጥቶ ከተቀመጥን በኋላ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ፀሎትዬ፣ አንቺ በጨዋታ መሃል ብታነሺላት? ከእኔ እንደመጣ ሳታስመስዪ።"

"አላነሳም! እኔ አስተርጓሚ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም።"

ጨክኜ ነው ያልኩት። ሆዴ ግን አልቻለም፤ ስሙ ፎቶ የሚነሳው ሰኞ ስለነበር ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። አፌን ላልከፍት ተስማምተናል። ጋሽ ሰይፈ ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ መጋዘኑ አወሩ። የኡርዙላን ድመት ጤና ጠየቁ። ኡርዙላ መቀሷን ይዛ በትዕግሥት ትሰማለች፤ እኔ ምላሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ የሚጠየቅ ነገር አለቀባቸው። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"ኢሽ ቪል" አሉ።

እፈልጋለሁ ማለታቸው ነው። በዚህ አገር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ አለቃቸውን የዓመት ፈቃድ ሲጠይቁ እንኳ "ምናልባት የሚቻል ከሆነ" ነው የሚሉት።

"ስሜ እንዲገባ እፈልጋለሁ" ቀጠሉ። "የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጄ እንድታየው እፈልጋለሁ።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አይ አሉኝ?" አለች ኡርዙላ ግራ ገብቷት። እሳቸው ከመመለሳቸው በፊት ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ወደተቀመጠው እንግዳ ሄደ። አፍ የሌለው፣ ጣቶቹ የተከፈቱት። ግንባሯን በመዳፏ መታች።

"ወይ እኔ! ሁለት ወር ሙሉ በእጄ ይዤው!"

በየትኛው ፊደል ይጻፍ ስትል እኔ ቃሌን አፍርሼ "በእኛ ፊደል እንጂ!" ብዬ ዘለልኩ። ጋሽ ሰይፈ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ራሕዋ የእኛን አታነብም" አሉ። የላቲኖቹን ፊደሎች በራሳቸው እጅ ትንሽ ትንሽ እያስጠጉ ወደ ቦታቸው አመጧቸው፤ ፎቶውን ኡርዙላ አነሳች።

ፊልሙ የታየው ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ባለች ትንሽ ሲኒማ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ለልጆች በተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ ነው። ራሕዋ አኩርፋ፣ የዎክማን ቴፗን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ መጣች። እኔና አባቷ ግራና ቀኟ ተቀመጥን። እንግዳው ሳህኑን ሸፍኖ ጣቶቹን ሲከፍት ከኋላ የተቀመጡት ሐበሾች ቤቱን በሳቅ አናጉት፤ የጀርመን ልጆች ትንሽ ቆይተው ተከተሏቸው። ከሁሉ በላይ የሳቀው ወልደኣብ ነው፤ እጁ የእሱ መሆኑን ማን ነግሮት! ራሕዋ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቀለች። ቆይታ ሁለተኛውን ነቀለች።

እንግዳው በልቶ ጨረሰ። ሸራው ጨለመ፤ የካርቶን ፊደሎች ከዳር አንድ በአንድ እየተንፏቀቁ መጥተው ተሰለፉ። ራሕዋ ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ ገብርኤል የሚለው ላይ ስትደርስ አንገቷን ወደ አባቷ አዞረች።

"ፓፓ? ቢስት ዱ ዳስ?" አለች። አንተ ነህ እንዴ?

የጋሽ ሰይፈ እጅ ልክ እንደ ልማዷ፣ "ኧረ ምን ሠራሁና" ልትል ወደ ደረታቸው ስትነሳ አየኋት። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አሳረፏት።

"ያ፣ አዎ" አሉ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት።"