የሚስ ሎቬታ ሙሉ ዛጎል

ሚስ ሎቬታ ሃግውድ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድተዋል፤ ዛሬም ሲያወሩ ከኋላ ወንበር የሚረብሽ ልጅ ያለ ይመስል ይጮኻሉ። ጡረታ ሲወጡ ልጆቻቸው "እማዬ፣ በቃ አሁን እረፊ" አሏቸው። እሳቸውም ዕረፍታቸውን እኛ ጋ አገኙት። ከፎርት ድረም ወዲያ ያለው የዛጎል ጉድጓድ ለሕዝብ በተከፈተ ቁጥር ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ይውላሉ። እኔ በሩ ላይ ስም መዝጋቢ ነኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን የቀደማቸው ሰው የለም።

እዚህ ፍሎሪዳ መሐል፣ ከብት በሚግጥበት መስክ ሥር፣ የጥንት ባሕር ዛጎሎቹን ጥሎ ሄዷል። የአንዳንዱን ሆድ ማር የመሰለ ክሪስታል ሞልቶታል። አንድ ክዳን ብቻ የቀረውን ግማሽ ዛጎል ማንም ያገኛል። ሁለቱ ክዳን እንደተገጠመ፣ ጎኑ ላይ ውስጡን የሚያሳይ ቀዳዳ ያለው ሙሉ ዛጎል ግን ብርቅ ነው። ሚስ ሎቬታ ቤት ግማሽ ዛጎል ሳሎኑን ሞልቶ መታጠቢያ ቤት ደርሷል፤ ሙሉ ግን አንድም የለም። ጥፋቱ የራሳቸው ነው። ክዳኑ የተዘጋ ሲያገኙ መታገስ አይችሉም፣ በመዶሻ ይሉታል። ወይ ጭቃ ይወጣል፣ ወይ ክሪስታሉ ብትንትኑ ይወጣል።

ያለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነበር። የቦታው ባለቤት ውሃውን እየሳበ የሚያወጣውን ፓምፕ ሊያቆም ወስኗል፤ ፓምፑ ከቆመ ጉድጓዱ ሐይቅ ይሆናል።

"ዛሬ ካላገኘሁ አበቃልኝ" አሉኝ በሩ ላይ።

"እንግዲያው መዶሻዎን እኔ ጋ ይተዉት።"

ገላመጡኝ፤ ግን ሰጡኝ።

እንደ ሁልጊዜው ከሚስተር ዴልመር ጎን ቆፈሩ። ሚስተር ዴልመር ዕድሜያቸውን ላም ሲያልቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ በሚቆፍሯቸው ጉድጓዶች መሐል የክንድ ውፍረት ያላት የጭቃ ግድግዳ ትቀራለች። ደንባችን ግልጽ ነው፦ ግድግዳው የጋራ ነው፤ ውስጡ ያለው ዛጎል ግን ቀድሞ "አገኘሁ!" ብሎ ለጮኸ ሰው ነው። ሚስተር ዴልመር ደግሞ ለስብርባሪም ይጮኻሉ።

"ኧረ ዴልመር፣ ጆሮዬን በጠስከው!"

"መዶሻሽን ስላስፈቱሽ ነው የተናደድሽው።"

"ዛሬ ሙሉ ሳልይዝ ከወጣሁ እኔ ሎቬታ አይደለሁም። ውሃው እላዬ ላይ ይሙላ!"

"አይዞሽ፣ በጀልባ እየመጣሁ የተቀቀለ ኦቾሎኒ አቀብልሻለሁ።"

ከምሳ በኋላ የሚስተር ዴልመር ጩኸት እንደጠፋ ልብ አልኩ። ሙቀቱ የመታቸው መስሎኝ በረዶ ያለበት ሻይ ወሰድኩላቸው። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቁጭ ብለዋል።

"ሎቬታ" አሉ፣ "ግድግዳውን ፈርተሽው ነው? ታች በኩል ጫር ጫር አድርጊው እንጂ።"

"አንተ ላምህን እለብ፤ መቆፈር አታስተምረኝ!" ብለው በእልህ ወደ ሌላው አቅጣጫ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆፈሩ። ምንም የለም። የመዝጊያው ክላክስ ሊነፋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደክሟቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በካቻቢቴ ሁለት ጊዜ ጫሩ።

"አገኘሁ!"

ከብቱ ሁሉ ቀና አለ። እኔም እየሮጥኩ ደረስኩ። ክዳኑ ግጥም ያለ፣ ጎኑ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡ በማር ቀለም የሚያበራ ዛጎል ነበር። ሳቡት፤ እንደ መሳቢያ ሸርተት ብሎ እጃቸው ገባ። እዚህ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ምንም ነገር እንዲህ በቀላሉ አይወጣም።

ሚስ ሎቬታ ዛጎሉን ትተው የወጣበትን ቀዳዳ ማየት ጀመሩ። ቀዳዳው ወዲያ ማዶ ድረስ ክፍት ነው። በሚስተር ዴልመር በኩል ዙሪያው በካቻቢቴ ተፈልፍሎ፣ በጥርስ ብሩሽ ተጠራርጓል።

"ዴልመር።"

"አቤት።"

"መቼ ነው ያየኸው?"

"ምኑን?"

"አትዋሸኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት ውሸታም በመስታወት ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው ነኝ።"

"ከምሳ በፊት" አሉ ሚስተር ዴልመር። "ከዚያ ወዲህ እንዳይወድቅ በጀርባዬ ደግፌ ቁጭ ብያለሁ። አንቺ ደግሞ እልኸኛ! ወገቤን ገደልሽው እኮ።"

ሚስ ሎቬታ ዛጎሉን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሌላውን እጃቸውን በግድግዳው ቀዳዳ አሾለኩ። ወዲያ በኩል ያለው ጭቃማ እጅ ያዛቸው። ክላክሱ ተነፋ፤ ሰው ባልዲውን እያነሳ መውጣት ጀመረ። ሁለቱ አልተነሱም።

"ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?" አሉ ሚስ ሎቬታ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

"ስልክሽ አይሠራም እንዴ?"

ዓይኔን የሞላው አቧራ ነው ብል ያው ውሸት ነው። በሩን መዝጋት ነበረብኝ፤ እነሱ እስኪነሱ ድረስ ቆየሁ።